ትልቅ ካርቡራተር፣ ትንሽ ጄት፦ የ«ቮልስ» ባለቤትና የፊዚክስ ተማሪ ሊነጋገሩበት የሚገባ ጉዳይ

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ዕድሜያቸው ከግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈ መኪኖች ዛሬም የዕለት ሥራቸውን ሲያከናውኑ ይታያሉ። ከእነዚህ መካከል በሕዝብ አንደበት «ቮልስ» የምትባለው ቮልስዋገን ቢትል ትጠቀሳለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚህችው መኪና ስለነበር በአገራችን ታሪክም ውስጥ ስፍራ አላት። የመጨረሻዋ ቢትል እ.ኤ.አ. በጁላይ 2003 በሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ስትወጣ የተመረቱት ቁጥር ከ21 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ፣ ያለውን መኪና ጠግኖና አስተካክሎ ማቆየት ከቀድሞው የበለጠ ትርጉም አግኝቷል።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ግን ታሪኩን አይደለም። አንዳንድ ባለቤቶች ሞተሩ ጉልበት እንዲያገኝ በማሰብ የፋብሪካውን አንድ ትንሽ ካርቡራተር አውጥተው ለእሽቅድምድም ጭምር የሚያገለግሉ ሁለት ትልልቅ ካርቡራተሮችን ይገጥማሉ። ውጤቱ ብዙ ጊዜ የተጠበቀው አይሆንም። መኪናዋ በሙሉ ነዳጅ ስትነዳ ትፈጥናለች፤ በመብራትና በአደባባይ መካከል ግን ትንገጫገጫለች፣ ታስላለች፣ ቤንዚን ትጠጣለች፣ ጭሷም ዓይን ያቃጥላል። የእኛ አቋም ይህ ነው፦ ጥፋቱ የካርቡራተሩ ሳይሆን የማስተካከያው ዘዴ ነው። መፍትሔውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በሚያውቀው ፊዚክስና ኬሚስትሪ ውስጥ ይገኛል።

የጉሮሮው ሕግ

የካርቡራተር አሠራር ዳንኤል በርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1738 ባሳተመው መጽሐፍ ካሰፈረው መርሕ ላይ የቆመ ነው። አየር በጠባብ ጉሮሮ ውስጥ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ግፊቱ ይቀንሳል። በዚህ የግፊት ልዩነት ምክንያት ቤንዚኑ ከማጠራቀሚያው ተስቦ፣ ጄት በሚባሉ ልካቸው በተወሰነ የናስ ቀዳዳዎች ተመጥኖ፣ ከአየሩ ጋር ይደባለቃል። የግፊቱ መቀነስ ከአየሩ ፍጥነት ካሬ ጋር ይመጣጠናል። ስለዚህ ጉሮሮው በሰፋ ቁጥር ቤንዚኑን የሚስበው ኃይል በእጅጉ ይደክማል።

ይህን በቁጥር እንመልከተው። ዌበር 40 አይዲኤፍ የሚባለው ካርቡራተር በተለምዶ 28 ሚሊ ሜትር ጉሮሮ ሲኖረው፣ ታላቅ ወንድሙ 44 አይዲኤፍ 36 ሚሊ ሜትር አለው። ሞተሩ የሚስበው አየር ያው ከሆነ፣ በሰፊው ጉሮሮ ውስጥ የሚያልፈው አየር ፍጥነት የጠባቡን 60 በመቶ ያህል ብቻ ይሆናል። ቤንዚኑን የሚስበው የግፊት ልዩነት ደግሞ የፍጥነቱ ካሬ ስለሆነ ወደ 37 በመቶ ይወርዳል። ይህ መጠን በ6,000 ዙር ለሚሽከረከር የውድድር ሞተር በቂ ነው። በ2,000 ዙር ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ለሚወጣ 1,600 ሲሲ ሞተር ግን ቤንዚኑን በወቅቱ ለማንሣት የሚያንስ ሲሆን፣ ነጂው ነዳጅ ሲሰጥ መኪናዋ ለአፍታ ትተነፍስና ትቆማለች። እንግዲህ ለከተማ የሚመረጠው ትልቁ ሳይሆን ለሞተሩ የሚመጥነው ጉሮሮ ነው።

ከተማ ውስጥ የሚነዳን ማን ነው?

ሰዎች አብዝተው የሚሳሳቱት በዚህ ነጥብ ነው። መኪናዋ በቀስታ ስትሄድ ከተንገጫገጨች ብዙዎች ትልቁን፣ ማለትም ዋናውን ጄት ይለውጣሉ። ነገር ግን የነዳጅ መስጫው በጥቂቱ ብቻ ሲከፈት ዋናው ጄት ገና ሥራውን በቅጡ አልጀመረም። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ፣ መካኒኮቻችን ሚኒሞ በሚሉት ሁኔታ፣ ቤንዚኑን የምትመጥነው ከግማሽ ሚሊ ሜትር እምብዛም የማትበልጥ ቀዳዳ ያላት ትንሿ ጄት ናት። የአየር መዝጊያዋ ትንሽ ስትከፈት በጠርዟ አጠገብ በተርታ የተበሱት የመሸጋገሪያ ቀዳዳዎችም የሚመገቡት ከዚህችው ጄት ነው። የከተማ መንዳት አብዛኛው ክፍል፣ እስከ 2,500 ዙርና ከዚያም በላይ፣ በእርሷ ትከሻ ላይ ያረፈ ነው።

የድብልቅ ማስተካከያው ብሎን የሚቆጣጠረው ሚኒሞውን ብቻ እንጂ የመሸጋገሪያ ቀዳዳዎቹን አይደለም። ስለዚህ ትንሿ ጄት ከልክ በላይ ሰፊ ስትሆን ብሎኑን አጥብቆ ሚኒሞውን ማሳመር ይቻላል፤ መኪናዋ ስትንቀሳቀስ ግን ጥፋቱ ይገለጣል። ሙያተኞች የሚጠቀሙበት ጠቃሚ ምልክት አለ። ብሎኑ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋበት ተነሥቶ ሞተሩ በተሻለ የሚሠራበት ቦታ ከሦስት ሩብ ዙር በታች ከሆነ ጄቷ ሰፊ ናት፤ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ዙር ካለፈ ደግሞ ጠባብ ናት። ይህን ለማወቅ ጠመንጃ መፍቻና ትዕግሥት እንጂ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም።

የከፍታው ሂሳብ

በአውሮፓና በአሜሪካ የተዘጋጁ የጄት ሠንጠረዦች በአመዛኙ ለባሕር ጠለል ቅርብ ለሆኑ ከተሞች የታሰቡ ናቸው። አዲስ አበባ ግን ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የአየሯ እፍጋትም ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያነሰ ነው። በአንድ ጉሮሮ ውስጥ በእኩል ይዘት የሚያልፈው አየር ክብደት በእፍጋቱ ልክ ሲቀንስ፣ የሚሳበው ቤንዚን ግን የሚቀንሰው በእፍጋቱ ካሬ ሩት ልክ ብቻ ነው። እፍጋቱ 0.76 ከሆነ ካሬ ሩቱ 0.87 ነው። በባሕር ጠለል 14.7 እጅ አየር ለ1 እጅ ቤንዚን ሆኖ የተመጠነው ድብልቅ አዲስ አበባ ላይ 12.8 ለ1 ይሆናል ማለት ነው።

ይህን ለማረም የቤንዚኑ መጠን በ13 በመቶ መቀነስ አለበት። የጄት ቀዳዳ ስፋት ከዲያሜትሩ ካሬ ጋር ስለሚሄድ ዲያሜትሩ የሚቀንሰው በ7 በመቶ ገደማ ነው። በሠንጠረዡ 115 የተባለው ዋና ጄት ወደ 107፣ ማለትም በገበያ ካሉት ወደ 105 ወይም 110፣ 55 የተባለችው ትንሿም ወደ 50 ገደማ ትወርዳለች። ተማሪዎች ይህን ስሌት ራሳችሁ ደግማችሁ እንድትሠሩት እንጋብዛለን፤ ከካሬ ሩት በላይ የሚጠይቀው የለም።

ሂሳቡ ወደ ሌላው አቅጣጫም ይሠራል። ለአዲስ አበባ በቁጥብነት የተስተካከለ ሞተር 900 ሜትር ገደማ ወዳለችው አዋሽ ሲወርድ የሚያገኘው አየር ይከብዳል፤ ሙቀቱን ከግምት ብናስገባ እንኳ ድብልቁ በ6 በመቶ ያህል ቤንዚን ያንሰዋል። በውኃ ለሚቀዘቅዝ ሞተር ይህ ቀላል ሊሆን ይችላል። በአየር ብቻ ለሚቀዘቅዝ ሞተር ግን፣ በቆላ ሙቀት፣ ተሳፋሪና ሻንጣ ጭኖ፣ በረጅም መንገድ ላይ የጭስ ማውጫ ቫልቭ ሊያቃጥል የሚችል ነገር ነው። በተለይ ከ1971 እ.ኤ.አ. ሞዴል በፊት በነበሩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር በሚሄደው አየር መንገድ ላይ ስለሚቆም ያ ሲሊንደር ቀድሞም የሚሞቅ ነው። ስለዚህ ዋናውን ጄት በጥቂቱ ወደ መብዛት ማድላት፣ ለቆላ ጉዞም አራት ሰፋ ያሉ ጄቶችን በኪስ መያዝ ብልህነት ነው። ዌበሩ ላይ ለውጡ ከላይ በኩል በደቂቃዎች ውስጥ የሚያልቅ ነው።

ጆሮና መለኪያ

ልምድ ያላቸው መካኒኮች «እኛ በጆሯችን ስናስተካክል ኖረናል» ቢሉ እውነት አላቸው፤ በዚህ ሙያ የሰለጠነ ጆሮ የሚናቅ መሣሪያ አይደለም። ይሁንና ጆሮ የማይሰማው ነገር አለ። ቤንዚን በመጠኑ የበዛበት ሞተር ድምፁ ለስላሳና የተረጋጋ ስለሆነ ጆሮን ያታልላል። በዚያው ጊዜ ግን ያልተሟላው ቃጠሎ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመርታል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ኃይሉም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። የቢትል ማሞቂያ ደግሞ አየሩን የሚያሞቀው በጭስ ማውጫው ቱቦ ዙሪያ አሳልፎ ነው። ቱቦው ወይም መገጣጠሚያው ካረጀና ካሾለከ ጋዙ የሚገባው ልጆች ወደተቀመጡበት ክፍል ነው። ጉዳዩ የፍጥነት ወይም የኩራት ብቻ አለመሆኑ በዚህ ይታወቃል።

ሥራው በቅደም ተከተል ይሠራ። መጀመሪያ የቫልቭ ክፍተት በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ይስተካከል፤ በብዙዎቹ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ቀጥሎ የካንዴላው ብልጭታ የሚሰጥበት ጊዜ ይታይ። የነዳጅ ፖምፓው ግፊት ከ0.2 ባር እጅግ እንዳይበልጥ፣ የተንሳፋፊውም ቁመት ልክ እንዲሆን ይደረግ። ከዚያ ሞተሩ በደንብ ሞቆ የሁለቱ ካርቡራተሮች የአየር መጠን በመለኪያ እኩል ይደረግ። ሞተሩ ሲሞቅ ስለሚለጠጥና ማያያዣ ዘንጎቹን ስለሚያንቀሳቅስ በቀዝቃዛው የተደረገ ማመጣጠን አይጸናም። የድብልቅ ብሎን የሚነካው በመጨረሻ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ከብሎኑ የጀመረ ሰው ወደ ብሎኑ መመለሱ አይቀርም።

ምን ይደረግ?

«ካርቡራተር ያለፈበት ነገር ነው፤ ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው» የሚሉ ይኖራሉ። የዘመኑን አቅጣጫ አንክድም። ነገር ግን ዛሬ በመንገዶቻችን ላይ ያሉት ካርቡራተሮች ጭስ ነገ በሚመጡት መኪኖች አይጸዳም፤ የሚጸዳው ዛሬ በሚስተካከሉት ጄቶች ነው። ከዚህም በላይ፣ የበርኑሊን ሕግ ለፈተና ብቻ አጥንቶ ካርቡራተር ፈትቶ የማያውቅ ተማሪ፣ በአንጻሩም ሺህ ካርቡራተር ፈትቶ የካሬ ሩቱን ምክንያት ያልተነገረው መካኒክ፣ ሁለቱም የዕውቀታቸውን ግማሽ እንደያዙ ቀርተዋል።

ስለዚህ ሁለት ነገሮችን እናሳስባለን። የፊዚክስና የምህንድስና ትምህርት ክፍሎች የተማሪዎችን የምርምር ሥራ ወደ ጋራዦች ያውጡ፤ የጭስ ይዘትን ከማስተካከል በፊትና በኋላ መለካት ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ፣ ለከተማውም የሚጠቅም ሥራ ነው። ጋራዦችም የአየርና የጭስ መለኪያዎችን እንደ ቅንጦት ሳይሆን እንደ መፍቻ ይቁጠሯቸው። ትልቁን ካርቡራተር መግዛት ገንዘብ ላለው ሁሉ ቀላል ነው። ለ2,400 ሜትር የሚስማማውን ትንሽ ቀዳዳ መምረጥ ግን ዕውቀት ይጠይቃል፤ ይህ ዕውቀት ደግሞ በእጃችን አለ።