የእሴቱን ሒሳብ የሚከፍለው ማን ነው?

«እሴት» የሚለው ቃል ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ገበሬ አፍ ብዙም አይሰማም። ገበሬው የሚለው ወግ ነው፤ ነውር ነው፤ ይሉኝታ ነው። «እሴት»ን አዘውትረን የምንናገረው እኛ ፊደል የቆጠርነው ነን። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ መንግሥት ራሱ «ተጨማሪ እሴት ታክስ» እያለ በየደረሰኙ ያስነብበናል። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን ታክሱ ቢያንስ ስንት ብር ከማን ኪስ እንደወጣ በወረቀት ያሳውቃል። ስለ ሕዝባችን እሴት የምንደሰኩር ሰዎች ሒሳቡ ወደ ማን እንደሚላክ ጠይቀን እናውቃለን?

በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት ተከራካሪዎች አውቃለሁ። አንደኛው «እሴቶቻችን ጠፉ፤ ዕርዳታ ሕዝቡን ጥገኛ አደረገው» እያለ ያለቅሳል። ሁለተኛው እሴት ሆድ አይሞላም፣ የድሃ ማጽናኛ ነው ባይ ነው። ሁለቱም በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር አንዲት ቀበሌ ገብተው ጥቂት ቢሰነብቱ ኖሮ ቃላቸውን በቆጠቡ ነበር።

የመጀመሪያውን ላስቀድም። ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ነበሩ። ምክንያቱ ስንፍና አልነበረም። ከጉና ትከሻ እስከ በሽሎና ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው አገር ቁልቁለት ነው፤ አፈሩ በየክረምቱ ይታጠባል፤ ደጋውን ውርጭና በረዶ፣ ቆላውን የዝናብ እጥረት ይመታዋል፤ ማሳውም ከአባት ለልጅ ሲከፋፈል ጠብቦ ጠብቦ አልቋል። ጉልበት ያለው ሰው እርከን እየካበና መንገድ እየጠረገ፣ ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ተቆጥሮለት፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በቀን 3 ኪሎ እህል ወይም 6 ብር ይከፈለው ነበር፤ ያውም ዓመቱን ሙሉ አይደለም። ድንጋይ ተሸክሞ 3 ኪሎ የሚቀበለውን ሰው «ጥገኛ» ብሎ የሚጠራው፣ አበል ካልታሰበለት ስብሰባ የማይገባ ባለሙያ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ዝርዝሩ የሚወጣበት መንገድ ነው። ድሃውን የሚለየው የጎረቤቶቹ ኮሚቴ ነበር። ችግሩን እንኳን ለባዳ ለወንድሙም የማይገልጥ፣ እንግዳ ሲመጣበት በጓሮ በኩል ከጎረቤት እንጀራ ተበድሮ የሚያቀርብ ሰው፣ ወጥቶ «ከሁላችሁም የባስኩት ድሃ እኔ ነኝ» እንዲል ተጠየቀ። እንዲህ ባለው ስብሰባ ደፋሩ ይናገራል፤ ይሉኝታ የያዘው ዝም ብሎ ይቀራል። እህሉ ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ፤ የተመዘገበው ላልተመዘገበው ዘመዱና ጎረቤቱ ሰፍሮ ያካፍል ጀመር። ዕቅድ አውጪዎቹ ይህን የአሠራር ጉድለት አሉት። እሴት ሆድ አይሞላም ለሚለው ወዳጄ ግን ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም፤ ሞልቷል፣ ያውም ከመዝገብ የቀረውን ሆድ።

ጋይንት የቤተልሔም አገር ነው፤ የድጓ ተማሪ ለማስመስከር ከየአቅጣጫው የሚመጣበት። ያ ሁሉ ትምህርት ያለ በጀትና ያለ ሚኒስቴር ለዘመናት የቆመው በምንድን ነው? በቁራሽ ነው። ደበሎ የለበሰ ልጅ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ካላት ላይ የምትቆርስ ሴት ስለነበረች ነው። የዜማችን ታሪክ ሲጻፍ ሊቃውንቱ በስም ይጠራሉ፤ እሷን የሚጠራ ግን የለም። ገብሱን የፈጨችው፣ ውሃውን በእንስራ ያዘለችው፣ ከልጆቿ ድርሻ የቀነሰችው እሷ ሆና ሳለ «እንግዳ ተቀባይ» የተባለው ባሏ ነው፤ ቀጥሎ ወረዳው፤ ቀጥሎ «ሕዝባችን»፤ በመጨረሻም በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መድረክ ላይ የምንኩራራው እኛ። ምስጋናው ሽቅብ ይወጣል፤ ሒሳቡ ቁልቁል ይወርዳል።

በቁራሽ ቢቀር ምናልባት ይታለፍ ነበር። ነውር የሚባለው ግን አይታለፍም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ተዋጊዎች ንፋስ መውጫን ይዘው ለቀናት ቆዩ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ ያነጋገራቸው 16 የከተማዋ ሴቶች በእነዚህ ተዋጊዎች መደፈራቸውን ገልጸዋል፤ 14ቱ የተደፈሩት በቡድን ነበር። የጤና ተቋማቱም ተዘርፈው ስለነበር በቂ ሕክምና በቅርብ አላገኙም።

እኛስ ምን አልን? «ክብራችን ተደፈረ» አልን። አንባቢ ሆይ፣ ሐረጉን ልብ በል፤ መከራው የእሷ፣ ክብሩ የእኛ! ክብሩን ያጣው ወራሪው መሆን ሲገባው፣ በእኛ ሰዋስው ክብር አጥታ የተገኘችው እሷ ናት። ከተከዜ ማዶ በኢትዮጵያና በኤርትራ ወታደሮች ለተደፈሩት የትግራይ ሴቶችም ቢሆን የተረፋቸው ዕፍረት ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ባላንጣዎቹ በዚህ አንድ ጉዳይ ሳይነጋገሩ ተስማምተዋል።

ነውር የሠሪው እንጂ የተሠራበት ሰው አይደለም ማለት ከባሕር ማዶ የመጣ ትምህርት አይደለም። መካነ ኢየሱስ ገበያ ላይ በሬው የተሰረቀበት የእስቴ ገበሬ አንገቱን አይደፋም፤ «ተሰረቅሁ» ብሎ ይጮኻል፤ ሰው ይሰበሰብለታል። ድሮ ቢሆን አውጫጭኝ ተጠርቶ፣ ሌባው እስኪወጣ አገሬው ተቀምጦ ይውል ነበር፤ የሚያፍረውም ሌባው ነበር። ሥርዓቱ በእጃችን ነበረ ማለት ነው፤ ለበሬ ሠርቷል። የንፋስ መውጫዋ ሴት ግን ስሟ ተለውጦ ካልሆነ በቀር መናገር አልቻለችም። ለበሬው የወጣው አገር ለእሷ ያልወጣበትን ምክንያት፣ «እሴቶቻችን ጠፉ» እያለ የሚያለቅሰው ወዳጄ ይንገረኝ።