ሁለተኛው ዓይን

ልጅዎ የጦርነት ጨዋታ ይወዳል? ከመከልከልዎ በፊት ብሩሽ ይስጡት። በውጭ አገር 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ቁመት ያላቸውን የቫይኪንግ ተዋጊዎች ቀለም ቀብተው ጠረጴዛ ላይ የሚያዋጉ ጎልማሶች ብዙ ናቸው። እኔና የእህቴ ልጅ ግን መርሳ ላይ ከጭቃ የሠራነው የአድዋን ዘማቾች ነው፤ የወሎው ራስ ሚካኤልም ከነፈረሰኞቻቸው አልቀሩም።

አሠራሩ ቀላል ነው። አውራ ጣት የሚያክል ሰው ይሥሩ፤ እንዳይሰነጠቅ ጥላ ውስጥ ያድርቁት። መጀመሪያ በነጭ የግድግዳ ቀለም ይቀቡት። ከዚያ ሌላውን ቀለም አቅጥነው ሁለት ጊዜ በስሱ ይደርቡ፤ ካወፈሩት ፊቱ ይጠፋል። ዓይኑን በስቴኪኒ ጫፍ ነካ ያድርጉ።

በባሕላዊው የአድዋ ሥዕል የእኛ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ጠላት ግን በጎን በአንድ ዓይን እንደሚሳል ነገርኩት። ጦርነት ደጃቸው ድረስ የመጣበት ይህ ልጅ ጣሊያኑን አገላብጦ አየውና፣ «በአንድ ዓይን እንዴት ያያል?» ብሎ ሁለተኛውን ጨመረለት።

ማታ ውጊያው ተጀመረ። የወደቀውን ሁሉ እያነሳ ቀለሙ እንዳልተላጠ ያያል፤ ጣሊያኑንም ጭምር። አንዱን ሰው ለመሥራት ግማሽ ቀን ፈጅቶበታላ!