ቁጥሩማ ይታወቃል፤ መልማዩስ?

ከቡሬ ወደ እንጅባራ ስትሄዱ መንገዳችሁ ላይ ቲሊሊን ታገኛላችሁ፤ የሯጩ የየኔው አላምረው አገር ናት። የኔው በ2003 ዓ.ም. ዶሃ ላይ 3,000 ሜትርን በ7 ደቂቃ ከ27.26 ሰከንድ ሮጧል። ሰዓቱን ኢንተርኔት ላይ ማንም ያገኘዋል። ግን አንድ ልጅ ገና ሰዓት ሳይመዘገብለት ማን ያየዋል?

በቆጂ ለዚህ መልስ ነበራት። መምህር ስንታየሁ እሸቱ ተማሪ ሲሮጥ እያዩ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን መለመሉ። የደጋው አየር ነው አትበሉን። ግሽ ዓባይም ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። የሰከላ ልጅ አየር አልጎደለውም፤ የሚያየው ሰው እንጂ!

ስለዚህ ጫማ የሰቀላችሁ የጎጃም ሯጮች፣ ልምዳችሁን አትቅበሩት። ሰዓት መያዣና ደብተር ያዙ። የልጁን ስም፣ ዕድሜ፣ ርቀትና ሰዓት ጻፉ። በዓመቱ ደግሞ ያንኑ ልጅ እዩት። አንድ ቀን አንደኛ ከወጣው ይልቅ ሰዓቱን እያሻሻለ የመጣው ሊበልጥ ይችላል፤ ይህን የሚያሳየው ደብተሩ ብቻ ነው።

«ሰላም በሌለበት ምን ምልመላ?» ትሉን ይሆናል። እውነት ነው፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የተነሳው ጦርነት በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤት ዘግቷል። እኛን ያስቸኮለንም እሱ ነው። የ14 ዓመቷ ልጅ ሰላም እስኪወርድ 14 ዓመቷ ላይ ቆማ አትጠብቅም። መምጣት ካልቻላችሁ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ላሉት የስፖርት መምህራን ሰዓት መያዣውን ላኩላቸው። ደብተሩ ይጀመር።