የቀለበቶቹ ጌታ፤ ከመጽሐፍ ወደ ሲኒማ

አንድ የታወቀ መጽሐፍ ወደ ሲኒማ በተሻገረ ጊዜ ከተመልካቾች አዘውትረን የምንሰማው ነቀፌታ «መጽሐፉ ይበልጣል» የሚል ነው። ነቀፌታው እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ከመጽሐፉ ምን ቀረ፤ ምንስ ተጠበቀ ብለን ሳንመረምር ፍርድ መስጠት ተገቢ አይደለም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለው ታላቅ ተረት እንዴት እንደ ተጻፈና እንዴት ፊልም እንደ ሆነ ጥቂት እንናገራለን። ዘመኑን የምንቈጥረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ደራሲው ፕሮፌሰር ጆን ሮናልድ ሩኤል ቶልኪን በ1892 ዓ. ም. ዛሬ ደቡብ አፍሪቃ በሚባለው አገር፤ በብሉምፎንቴን ከተማ ተወለዱ። በሦስት ዓመታቸው እናታቸው ወደ እንግሊዝ አገር ወሰዷቸው። አባታቸው እዚያው እንደ ቀሩ በ1896 ዓ. ም. ሞቱ፤ በ1904 ዓ. ም. ደግሞ እናታቸው ስለ ሞቱ ገና በ12 ዓመታቸው እናትም አባትም የሌላቸው ልጅ ሆኑ። በትምህርት ቤት ሳሉ ሦስት የልብ ጓደኞች ነበሯቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፤ በ1916 ዓ. ም.፤ ቶልኪን በፈረንሳይ አገር በሶም ግንባር ተሰለፉ። በዚያው ዓመት ከሦስቱ ጓደኞች ሁለቱ በጦር ሜዳ ሞቱ። እርሳቸውም ታመው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቶልኪን በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጥንታዊ እንግሊዝኛ መምህር ሆኑ። በ1937 ዓ. ም. «ሆቢት» የተባለ የልጆች መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ ስለ ተወደደ አሳታሚው ተከታዩን ጠየቃቸው። ይሁን እንጂ ተከታዩ ለልጆች ብቻ የሚሆን ተረት አልሆነም። ከ12 ዓመት ያህል ድካም በኋላ ተፈጽሞ በ1954 እና በ1955 ዓ. ም. በሦስት ክፍል ታተመ። የታሪኩ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። ቁመታቸው አጭር፤ ኑሯቸው በእርሻና በጓሮ አትክልት የሆነ፤ ሆቢት የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። ከእነርሱ አንዱ በሆነው በፍሮዶ እጅ ዓለምን ሁሉ ለመግዛት የሚያስችል ክፉ ቀለበት ገባ። የፍሮዶ ሥራ ግን ቀለበቱን ይዞ መንገሥ ሳይሆን፤ ወደ ተሠራበት የእሳት ተራራ ወስዶ ማጥፋት ነው።

ቶልኪን የፊልሙን መብት በ1969 ዓ. ም. ሸጡ፤ በ1973 ዓ. ም. ዐረፉ። በ1978 ዓ. ም. ራልፍ ባክሺ የተባሉ አሜሪካዊ አዘጋጅ በሥዕል የተሠራ ፊልም አወጡ፤ ነገር ግን ታሪኩን እስከ መካከሉ አድርሰው ቀሩ። ከዚያም የኒው ዚላንድ ተወላጅ የሆኑት ፒተር ጃክሰን ተነሡ። ጃክሰን ያሰቡት ሁለት ፊልም ለመሥራት ነበረ። ሚራማክስ የተባለው ኩባንያ ግን ወጪው ስለ ከበደው፤ ታሪኩ በአንድ ፊልም ይጠቃለል አለ። ጃክሰን ይህን ሳይቀበሉ በ1998 ዓ. ም. ኒው ላይን ወደ ተባለ ሌላ ኩባንያ ሄዱ። የዚህ ኩባንያ አለቃ፤ መጽሐፉ ሦስት ክፍል ከሆነ ፊልሙስ ስለ ምን ሦስት አይሆንም ብለው ጠየቁ። በዚህ ስምምነት ሥራው ተጀመረ።

ሦስቱም ፊልሞች ባንድነት በኒው ዚላንድ ተነሡ። ሥራው ከኦክቶበር 1999 እስከ ዲሴምበር 2000 ዓ. ም. 274 የማንሣት ቀን ፈጀ። የሆቢቶቹ መንደር ማታማታ በተባለ ቦታ፤ በአንድ የከብትና የበግ እርባታ ላይ ተሠራ፤ በቁፋሮውም የአገሩ ጦር ሠራዊት ረዳ። የጓሮው አትክልት የተተከለው ፊልሙ ከመነሣቱ አስቀድሞ ነበረ። ይኸውም ተክሉ ሥር ሰድዶ፤ መንደሩ ሰው የኖረበት እንዲመስል ነው። ሰይፉና የራስ ቁሩ ዌታ በተባለው የሠሪዎች ቤት ተሠራ። ለጥሩሩ የሚሆነው ቀለበት ከፕላስቲክ ቧንቧ እየተቈረጠ አንድ በአንድ በእጅ ተያያዘ። ይህን የሠሩት ሰዎች የጣታቸው አሻራ እስኪጠፋ ድረስ እንደ ደከሙ ይነገራል። ከተመልካች ግን ስማቸውን ስንቱ ያውቃል?

ሆቢት ሆነው የተጫወቱት ዋና ዋና ተዋንያን ቁመታቸው እንደ ማንኛውም ሰው ነው። አጭር ለማስመሰል ጠቢቡ ጋንዳልፍ ወደ ካሜራው ቀርቦ፤ ፍሮዶ ግን ራቅ ብሎ እንዲቀመጥ ይደረግ ነበር፤ በፊልሙ ሲታዩ ጎን ለጎን ያሉ ይመስላሉ። የአንዱ ቤት ውስጥም በሁለት ልክ፤ በትልቅና በትንሽ፤ ተሠራ። ከሩቅ ለሚነሣው ደግሞ ብዙ ጊዜ በፍሮዶ ምትክ የቆሙት ኪራን ሻህ ናቸው። እኚህ ሰው በጎረቤታችን በኬንያ፤ በናይሮቢ ከተማ የተወለዱ ሲሆን፤ ቁመታቸው 1 ሜትር ከ26 ሳንቲሜትር ገደማ ነው።

ፊልሞቹ በ2001፤ በ2002 እና በ2003 ዓ. ም. ወጡ። ሦስተኛው በ2004 ዓ. ም. ለ11 የኦስካር ሽልማቶች ታጭቶ ሁሉንም ወሰደ። ነገር ግን ሁሉም ሰው አልተደሰተም። የደራሲው ልጅ ክሪስቶፈር ቶልኪን በ2012 ዓ. ም. ለአንድ የፈረንሳይ ጋዜጣ ሲናገሩ፤ መጽሐፉ ለወጣቶች የሚሆን የድብድብ ፊልም ሆነ ብለው አዘኑ።

ይህ ክስ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በመጽሐፉ መጨረሻ ሆቢቶቹ ከዘመቻ ሲመለሱ መንደራቸውን ዛፉ ተቈርጦ፤ ሕዝቡ ተጨቍኖ ያገኙታል፤ እንደ ገናም ለመዋጋት ይገደዳሉ። ፊልሙ ይህን ፍጻሜ ትቶታል። በምትኩ ግን አንድ አጭር ትርኢት አለ። አራቱ ጓደኞች በመንደራቸው መጠጥ ቤት ተቀምጠዋል። የመንደሩ ሰው አንድ ትልቅ ዱባ እያደነቀ ይጫወታል፤ ወዴት ሄዳችሁ ነበር፤ ምንስ ደረሰባችሁ ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። አራቱም ተያይተው ዝም ብለው ጽዋቸውን ያነሣሉ። አራት ሆነው ጀምረው ሁለት ብቻ የተረፉትን ጓደኛሞች የሚያስብ ሰው፤ ይህ ዝምታ ከየት እንደ መጣ ያስተውላል። እኛ እንደሚመስለን፤ ምዕራፉ ቢቀርም ከጦር የተመለሰ ሰው ብቸኝነት አልቀረም።

ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ቋንቋ የሚተረጕም ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። ቃል በቃል የተሻገረ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ሕይወት ያጣል፤ እንደ ፈቃድ የተለወጠውም ደራሲውን ይክዳል። ታማኝነት ማለት የቱ ሊቀር እንደሚችልና የቱ ከቶ ሊቀር እንደማይገባ ለይቶ ማወቅ ነው። ስለዚህ አንባቢዎቻችን በበዓል ቀን ከቤተ ሰብ ጋር ሦስተኛውን ፊልም ለማየት ቢያስቡ፤ ጦርነቱ ስለሚበዛበት ትንንሾቹን ልጆች አስቀድመው አስተኝተው፤ የመጠጥ ቤቱ ትርኢት በደረሰ ጊዜ ጥቂት ዝም ብለው እንዲመለከቱ እንመክራለን።