የማናውቃቸው ፈረንጆች ሳሎናችን ውስጥ ምን ይሠራሉ?

ዛሬ ስለ ኬዝ፣ ስለ ካርድ እድሳት ወይም ስለ ራሽን አይደለም የምጽፈው። ስለ ዲጂታል የፎቶ ፍሬም ነው። አዎ፣ ያ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ፎቶ እያፈራረቀ የሚያሳየው ዕቃ። «ይሄን ሰውዬ ሙቀቱ መታው እንዴ?» የምትሉ አትጠፉም። ታገሡኝ፣ ትንሽ ይረዝማል።

ባልባላ ውስጥ አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን አልጽፍም፤ እትዬ እንበላቸው። ጎረቤታቸው የነበረ ቤተሰብ ሪሴትልመንት ደርሶት ሲሄድ ከድስቱና ከፋኑ ጋር አንድ አሮጌ ፍሬም ትቶላቸው ሄደ። የራሳቸውን ፎቶ የያዘውን ካርድ ነቅለው ወስደዋል። የቀረው ፋብሪካው የጫነው ብቻ ነው፦ አንድ ፏፏቴ፣ ቢጫ አበባ፣ ሣር ላይ የሚስቁ ሁለት ፈረንጅ ልጆችና አንድ ትልቅ ውሻ። እትዬ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አቆሙት። ሦስት ዓመት ሙሉ ቡና በተፈላ ቁጥር እነዚያ ልጆች ይስቃሉ። እንግዳ ሲመጣ «የልጅ ልጆችዎ ናቸው?» እያለ ይቀልዳል።

የራሳቸው ልጅ ፎቶስ? ታላቁ ልጃቸው በኦቦክ በኩል ወደ የመን ከተሻገረ ቆይቷል፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ያሉት ፎቶዎች ሦስት ናቸው። ሦስቱም በዋትስአፕ የተላኩ፣ ሦስቱም የታናሽ እህቱ ስልክ ውስጥ። ስክሪኑ ተሰንጥቋል፣ ባትሪው በሙቀቱ አብጦ የጀርባ ክዳኑን ገፍቶታል። እናት የልጃቸውን ፊት ለማየት ልጅቷ ከሥራ እስክትመለስ ይጠብቃሉ። «አንዳንዴ ቻርጅ የለውም ትለኛለች፤ እኔም ዝም እላለሁ» አሉኝ።

ይሄን ከሰማሁ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ማጋነን ይሆናል፤ ግን አርብ ዕለት ላፕቶፔን አንግቤ ሄድኩ።

መጀመሪያ ያልነበረው ኬብል ነው። የድሮ ፍሬም ከኋላው ብዙውን ጊዜ ሁለት የዩኤስቢ ቀዳዳ አለው። ሰፊው ለፍላሽ ነው። ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ትንሹ፣ ሚኒ ዩኤስቢ የሚባለው ነው። ከስልካችን ማይክሮ ዩኤስቢ ወፈር ይላል፤ የስልክ ኬብል ለማስገባት አትታገሉ፣ ቀዳዳውን ትሰብሩታላችሁ። የድሮ ዲጂታል ካሜራና የድሮ ሃርድ ዲስክ የሚጠቀሙት ይህንኑ ኬብል ነው፤ ገበያ ውስጥ አሮጌ ገመድ በካርቶን ከምረው ከሚሸጡት ዘንድ አይጠፋም። እኔም ከዚያ ገዛሁ፣ ሰካሁ፣ ኮምፒውተሩ ግን ጭጭ አለ። ግማሽ ሰዓት ፍሬሙን ስረግም ቆየሁና ችግሩ ኬብሉ ሆኖ ተገኘ። ለካስ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ገመድ አለ፤ ውስጡ መብራት የሚያሳልፉት ሽቦዎች እንጂ ዳታ የሚያሳልፉት የሉበትም። ስትገዙ «ዳታ ያሳልፋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከተቻለም እዚያው ሱቁ ውስጥ ሞክሩት።

አዳፕተሩንም ተጠንቀቁ። ፍሬሙ 5 ቮልት የሚል ከሆነ 5 ቮልት ነው፤ ጫፉ ስለገባ ብቻ የ12 ቮልት አዳፕተር ሰክቶ ዕቃውን ያቃጠለ ወዳጅ አለኝ። ቁጥሩ ከጀርባው ተጽፏል።

ትክክለኛው ኬብል ሲገኝ ሌላው ቀላል ሆነ። ፍሬሙን አብርተን ከላፕቶፑ ጋር ስናገናኘው «ከኮምፒውተር ጋር ልገናኝ?» ብሎ ጠየቀ፤ እሺ የሚለውን ስንጫን ልክ እንደ ፍላሽ ተከፈተ። ሲዲ አያስፈልግም፤ የድሮ ዕቃ ከነሲዲው ብታገኙም ሲዲውን ተዉት። አሜሪካ ውስጥ ቤስት ባይ የሸጣቸው አንዳንድ የኢንሲግኒያ ፍሬሞች ከፋብሪካው ቫይረስ ይዘው እንደወጡ በፈረንጆቹ 2008 መጀመሪያ ላይ ታውቆ ነበር። ስለዚህ የማታውቁትን ፍሬም ስትሰኩ፣ ምንም ነገር ከመክፈታችሁ በፊት በአንቲቫይረስ ፈትሹት።

የእትዬ ፍሬም ሆዱ 128 ሜጋባይት ብቻ ነው። ዛሬ አንድ አጭር ቪዲዮ ይሞላዋል። ግን ስክሪኑም ትንሽ ነው፣ 800 በ480። ፎቶውን በፔይንት ወደዚያ ልክ አሳንሳችሁ በጄፔግ ብትጭኑት ብዙ መቶ ፎቶ ይይዛል። ስሙን በእንግሊዝኛ ቁጥር ብቻ ስጡት፤ አሮጌ ዕቃ የእኛን ፊደል ላያውቀው ይችላል። አይፎን የያዛችሁ ደግሞ፣ ስልኩ በራሱ የሚያነሳበትን ዓይነት የድሮ ፍሬም አይከፍተውም፤ ካሜራ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ምረጡ። ካርድ ከፈለጋችሁ ትልቅ አትግዙ፤ ብዙዎቹ የቆዩ ፍሬሞች ከ2 ጊጋባይት በላይ የሆነ ካርድ አያነቡም።

አሁን ወደ ልጁ ፎቶ። ዋትስአፕ ፎቶ ሲልክ ያሳንሰዋል። አስቀምጠው እንደገና ሲልኩት ደግሞ ይበልጥ ሊደበዝዝ ይችላል። እነዚያን ሦስት ፎቶዎች አንድ ጎረቤት ሊያስደስታቸው ብሎ በትልቅ ቴሌቪዥን ከፍቶላቸው ነበር አሉ። ፊቱ ተበታትኖ ሸካራ ሆነ፤ እትዬም «አጥፋው» አሉ። እኔም ይህን ፈርቼ ነበር። ግን የፍሬሙ ስክሪን ትንሽ መሆኑ በጀን። ለቴሌቪዥን ያነሰው ፎቶ ለእሱ በቂ ነው። ጥርት ብሎ መጣ፣ ግንባሩ ላይ ያለችው ጠባሳ ሳትቀር። እትዬ ምንም አላሉም። ወንበራቸውን ስበው አጠገቡ ተቀመጡ፤ ቡናው ገንፍሎ ፈሰሰ።

ይህን ለአንድ ጓደኛዬ ስነግረው «ሰው ዳቦ አጥቶ አንተ ፎቶ ትላለህ» አለኝ። እውነት አለው፤ ዳቦው ይቀድማል። ግን ሌላም ነገር አለ፣ እሱም ያውቀዋል። አሥር ዓመት በኖርንበት ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ሚስማር የለም። «ነገ እንሄዳለን» እያልን። አሊ አዴ ካምፕ የተከፈተው በፈረንጆቹ 1991 ነው፤ እዚያ ተወልደው እዚያው የወለዱ አሉ። እነዚያ ልጆች የአያታቸውን መልክ የሚያውቁት ከየት ነው? ፎቶ አውጥቶ ማስቀመጥ «እዚሁ ቀረን» ማለት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እኔ አልስማማም። እትዬ ፍሬሙን ነቅለው ፌስታል ውስጥ ለመክተት ሁለት ደቂቃ አይፈጅባቸውም።

ደግሞም የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የቤተሰብ ማገናኘት ኬዝ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ወረቀቱ በመንገድ የጠፋበት ሰው የሠርግ ፎቶ፣ የክርስትና ፎቶ፣ ከልጆቹ ጋር የተነሳው ፎቶ ማስረጃ ይሆነዋል። ለዚህ ግን ፍሬሙን አትመኑ። ፍሬም ማሳያ እንጂ ማስቀመጫ አይደለም። አሳንሳችሁ የጫናችሁት ኮፒ የተነሳበትን ቀን ላይዝ ይችላል። ዋናውን ሳትነኩ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ፣ ሌላ ኮፒ ደግሞ ሌላ ከተማ ለሚኖር ዘመድ ላኩ። ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ «ዶክዩመንት» ላኩት፣ ያኔ አይቀንስም።

ሀገር ቤት ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ ይሄ እናንተንም ይመለከታል። ድሬዳዋም ሆነ ደሴ፣ ቁም ሳጥን ላይ አቧራ የጠጣውን አልበም አውርዱልን። ባለጥቁርና ነጭ የስቱዲዮ ፎቶ፣ መጋረጃው ፊት ቆመው የተነሱት፣ ሁሉንም በቀን ብርሃን በስልክ አንሱት። ጀርባውንም አንሱ። «ለማስታወሻ ይሁንህ» የሚለውን ጽሕፈትና ቀኑን እንፈልገዋለን። አክስቴ በቀይ ሽብር ጊዜ የወንድሟን ፎቶዎች በሙሉ ምድጃ ውስጥ እንደከተተች ትናገራለች፤ ቤት ሲፈተሽ እንዳይገኝ። ዛሬ በቤተሰባችን ውስጥ እሱን የሚመስል ማን እንደሆነ እንኳ አንስማማም።

የአክስቴ ነገር ሌላም ያስታውሰኛል። ስልካችሁን ሙሉውን ገልብጣችሁ ፍሬም ላይ አታፍስሱ። ሰው ሁሉ በሚገባበት ሳሎን ውስጥ የስደተኛ ካርድ፣ የቃለ መጠይቅ ወረቀት፣ ፊቱ እንዲታይ የማይፈልግ ወንድም ማፈራረቅ ጅልነት ነው። አንድ በአንድ ምረጡ። ፍሬሙን ለሌላ ሰው ስትሰጡም ሆነ ለጥገና ስትወስዱ መጀመሪያ አጥፉት። ከኮምፒውተሩ ስትለያዩ ደግሞ «ኢጀክት» ሳትሉ ገመዱን አትንቀሉ፤ ኮፒ እያደረገ መብራት ከሄደም ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል።

አሁን የእትዬ ፍሬም ውስጥ ሠላሳ አንድ ፎቶ አለ። ቀን ፀሐይ ከምታገኘው መስኮት አርቀነዋል፤ ሙቀቱ ሲበረታም ያጠፉታል። የፋብሪካውን ፎቶዎች ልሰርዝ ስል የጎረቤት ትንሽ ልጅ ጮኸ። እትዬም «ልጆቹን አስወጣቸው፣ ውሻውን ግን ተወው፣ ለምደነዋል» አሉ። ተውኩት።

በሚመጣው አርብ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። ሥራ ያቆመ የሚመስላችሁ ፍሬም ካለ ይዛችሁ ኑ፤ ሚኒ ኬብሉ እኔ ጋ አለ። አዳፕተራችሁን ግን አትርሱ።