ከጣውላው ማዶ ያለው ትንፋሽ

ባለፈው ሰሞን አዲ አርቃይ አድሬ ነበር። ከጎረቤቴ ክፍል የሚለየኝ ስስ ጣውላ ብቻ ነው፤ የጭነት መኪና ሹፌሩ ገና ጋደም ከማለቱ ማንኮራፋቱ እኔ ትራስ ላይ ደረሰ። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ጩኸቱ አልነበረም፤ ድንገት ጭጭ ማለቱ ነው። ቆጠርኩ። 10፣ 15፣ 20 ሰከንድ። ከዚያ እንደታነቀ ሰው ትንፋሹን ይስባል፣ አልጋው ይንቋቋል፣ ማንኮራፋቱም እንደገና ይጀምራል። እስኪነጋ እንዲሁ ነበር።

ጠዋት ቡና ላይ ረዳቱን አገኘሁት። «ጋሼ እንቅልፍ ሲወድ! ተኝቶ አይጠግብም እኮ፤ መሪ ላይ ሁሉ ያንጎላጃል» አለኝ።

ልቤ ደነገጠ። ከዛሪማ ወደ ደባርቅ የሚያወጣውን ሊማሊሞን የሚያውቅ ይረዳኛል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍሎ ያወጣው፣ ጥምዝምዙ የማያልቅ መንገድ ነው። እዚያ ላይ ለአፍታ ዓይን የሚከደንበት ቦታ የለም።

ሰው ሲያንኮራፋ «እንዴት ያለ እንቅልፍ ነው!» እንላለን። ተሳስተናል። ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል፣ ምላስ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ በጠበበው መንገድ የሚያልፈው አየር ትናጋንና እንጥልን ሲያርገበግብ ድምፅ ይወጣል። መንገዱ ጨርሶ ሲዘጋ ትንፋሽ ይቆማል። ያኔ አንጎል ሰውየውን ለመተንፈስ ያህል ያባንነዋል፤ ጠዋት ግን አያስታውሰውም። ሌሊቱን መቶ ጊዜ ሲባንን ያደረ ሰው ስምንት ሰዓት ተኝቻለሁ ይላል። ሳይታከም ከቆየ የደም ግፊትንም ያስከትላል።

የሹፌሮቻችንን ነገር የሚያከፋው ደግሞ ጫትና ጨብሲ ነው። ቀን ላለማንቀላፋት ይቃማል፤ ማታ ምርቃናውን ለማብረድ አረቄ ይጠጣል። አረቄ ደግሞ የላላውን ጉሮሮ ይብሱን ያላላዋል። በማግስቱ ድካሙ ይጨምራል፣ ጫቱም እንዲሁ። ይህን አዙሪት ማታ ላይ መስበር ይቻላል፤ ከመኝታ በፊት ባሉት ሦስት አራት ሰዓታት መጠጥ አለመቅመስ ብቻውን ብዙ ለውጥ ያመጣል።

በጀርባ መተኛትም ያባብሳል። ልጆች ከካልሲ የሚሠሩትን የጨርቅ ኳስ የሌሊት ልብስ ጀርባ ላይ ሰፍቶ መተኛት በጎን ያስተኛል። የአልጋውን ራስጌ ከፍ ማድረግ፣ ሲጋራ መተው፣ ክብደት መቀነስም ይረዳል። ትንፋሹ የሚቋረጥ ሰው ግን ሐኪም ያስፈልገዋል። አውስትራሊያዊው ኮሊን ሰሊቫን በ1981 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው፣ በአፍንጫ ጭንብል አየር እየገፋ ጉሮሮን ከፍቶ የሚያሳድር መሣሪያ ለብዙዎች ዋናው ሕክምና ነው።

የልጆች ነገር ለየት ይላል። አፉን ከፍቶ ሌት ሌት የሚያንኮራፋ ልጅ ብዙ ጊዜ ችግሩ የቶንሲል ማበጥ ነው። እናቶች ሆይ፣ እባካችሁ እንጥል ቆራጭ ዘንድ አትውሰዱት፤ ደሙ አልቆም ብሎ ልጅ ይሞታል። የአንገት በላይ ሐኪም ይየው።

ሹፌሩ ፊቱን ታጥቦ ሲመጣ ሌሊት የሰማሁትን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ዝም ብሎ አዳመጠኝ።

«ባለቤቴም ትንፋሽህ ይቆማል ስትለኝ ኖራለች» አለ። «መነጫነጭ ይመስለኝ ነበር።»

ጎንደር ሲገባ ግፊቱን እንዲለካ፣ ባለቤቱንም ይዞ ሐኪም ዘንድ እንዲቀርብ ለመንኩት፤ እሱ ያላየውን ያየችው እሷ ናትና። ራሱን ነቀነቀና ወደ ረዳቱ ዞረ።

«ዛሪማ ስንደርስ ጥላ ፈልግልኝ። ትንሽ ጋደም ብዬ ነው ዳገቱን የምወጣው።»