የሊኑክስ ምስር ለቀማ

ባለፈው ክረምት ባረጀችው ላፕቶፔ ላይ «ሙሉ በሙሉ ነጻ» ከሚባሉት የሊኑክስ ስሪቶች አንዱን ጫንኩና ዋይፋዩ ድምፁን አጠፋ። ካርዱ ትናንት ይሠራ ነበር። ወንድሜ «አንቺ ልጅ፣ ነጻነት እንዲህ ከሆነ ባርነቱ ይሻለኛል» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን ማን እንዳጠፋው ለማወቅ ጓጓሁ። ጋዜጠኝነት ተምሬ ምንጩን ሳልጠይቅ ባልፍ ያሳፍራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ) የጀመረው የሊኑክስ ከርነል ምንጩ ክፍት ነው ይባላል። «ይባላል» ያልኩት በምክንያት ነው። በዚያ ክፍት ኮድ መሃል ለዓመታት ገጽ ሙሉ ቁጥር ብቻ የሆኑ ሰንጠረዦች ተቀምጠው ኖረዋል። የዕቃ አምራቾች ለካርዶቻቸው የጻፉት ፕሮግራም ተፈጭቶ ነው፤ ዱቄቱ አለ፣ እህሉ የለም። የከርነሉ ፈቃድ፣ ጂፒኤል 2፣ ምንጭ ኮድ የሚለው ደግሞ ለማሻሻል የሚመረጠውን መልክ ነው። ቁጥር እየቆጠረ ፕሮግራም የሚያሻሽል ሰው ካያችሁ አስተዋውቁኝ።

ሊኑክስ ሊብሬ የሚባለው ፕሮጀክት ይህን ይለቅማል። ከ2008 ጀምሮ በላቲን አሜሪካው የነጻ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ጥላ ሥር ሲሆን፣ አሌክሳንድሬ ኦሊቫ ከዋነኞቹ ሠራተኞቹ አንዱ ነው። ከ30 ሚሊዮን በላይ መስመር ያለውን፣ በየዘጠኝና አሥር ሳምንቱ አዲስ እትም የሚወጣለትን ኮድ በዓይን ማንበብ አይታሰብም። ስለዚህ ዲብሎብ-ቼክ የተባለ ስክሪፕት ረጃጅም የቁጥር ሰልፎችን ያድናል። ችግሩ፣ ሰልፍ የያዘ ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የምናየው የፔንግዊን ሥዕልም፣ የምስጠራ ሰንጠረዥም ቁጥር ነው። ስለዚህ ሰው ተቀምጦ «ይሄ ምስር ነው፣ ይሄ ጠጠር» ብሎ ይለያል፤ ስክሪፕቱም ፍርዱን ለሚቀጥለው ጊዜ ይይዛል።

እኔ ይህን እወደዋለሁ። ሳንሱር አይደለም ወይ ለምትሉኝ፣ ሳንሱር መቀሱን ይደብቃል። እነዚህ መቀሱን ለሁሉም ሰጥተዋል፤ የቆረጡበት ቦታ ላይም «ዲብሎብድ» የሚል ምልክት ይተዋሉ።

የምጣላቸው ሌላ ቦታ ነው። ዛሬ አብዛኛው ፈርምዌር ከርነሉ ውስጥ የለም። ከቀረው ርዝራዥ አብዛኛው በ2017፣ በ4.14 እትም፣ ተጠርጎ ወጥቷል። አሁን ከርነሉ የሚይዘው የፋይሉን ስም ነው፤ «እንዲህ የሚባል ፋይል ካለህ ስጠኝ» ይላል። ስክሪፕቱ ስሙንም ይቆርጠዋል። ፋይሉን ዐውቄ፣ ፈቅጄ ባስቀምጥም ከርነሉ አይጠይቀኝም። የእኔ ዋይፋይ የሞተው በዚህ ነው። የሰሪዎቹ ዓላማ ሰውን መከልከል እንዳልሆነ፣ የአሠራሩ መዘዝ እንደሆነ ይናገራሉ። አምናቸዋለሁ። ግን የፕሮሰሰር ቀዳዳ የሚደፍነው የማይክሮኮድ ማሻሻያም በዚያው በር ነው የሚቀረው፤ ከ2018ቱ የስፔክተር ጉድ በኋላ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ደግሞ የሚያስቀው! ያንኑ ዝግ ፕሮግራም አምራቹ ካርዱ ውስጥ አትሞ ከሸጠው ስክሪፕቱ አያየውም፣ ካርዱም ያለ ችግር ይሠራል። የተሻለ የደበቀ አለፈ ማለት ነው።

ዴቢያኖች በ2011 ከርነላቸውን ካጸዱ በኋላ፣ በ2022 ድምፅ ሰጥተው፣ ከ2023ቱ 12ኛ እትማቸው ጀምሮ ፈርምዌሩን ከመጫኛው ጋር ይሰጣሉ፤ የማይፈልግ ያጠፋዋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ መሆን ያለበት የእነሱ ተገልባጭ ነው። ቁጥሩ ይውጣ፣ ስሙ ይቅር፤ በሩ ተዘግቶ ይቆይ፣ ቁልፉ ግን እኔው ጋ ይሁን። አዎ፣ ስሙን መተው ራሱ ለዝግ ፕሮግራም ማስታወቂያ ነው የሚል ሙግት አለ። ቢሆንም ምርጫዬን ስክሪፕት እንዲመርጥልኝ አልፈልግም።

እስከዚያው ይህን ጽሑፍ የምልክላችሁ ስልኬን በዩኤስቢ ከላፕቶፗ ጋር አገናኝቼ ነው። ለዚህ ፈርምዌር አያስፈልግም። ስልኩ ውስጥ ስንት ዝግ ፕሮግራም እንዳለ ግን ለወንድሜ አልነገርኩትም።